ሳሎን ውስጥ ያደገ አምባዛ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ልጄ ከዝዋይ የመጣ፣ ጣት የሚያህል አምባዛ በፌስታል ይዞ መጣ። ጎልድፊሽ የምናረባበት አኳሪየም ስለነበረን እዚያው ጨመርነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎልድፊሾቹ አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ ድመቷን ነበር የጠረጠርነው። አምባዛው አሁን 40 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የምንመግበው ጉበትና የሥጋ ትርፍራፊ ነው። በየጊዜው ወደ ላይ እየወጣ አየር ይጎርሳል። ታፍኖ ይሆናል ብለን ሁለተኛ ኤር ፓምፕ ገጠምንለት፤ ለውጥ የለም። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ምግብ አልነካም ብሏል። አንዳንዱ ሰው ‹ዓሣ እንደ ቤቱ ነው የሚያድገው፣ አትጨነቅ› ይለኛል። አንድ መስታወት ቤት 2 ሜትር በ80 በ60 ሊሠራልኝ ዋጋ ሰጥቶኛል፤ ሳሎናችን ግን ፎቅ ላይ ነው። አንድ ወዳጄም ከአርባ ምንጭ ናይል ፐርች ላምጣልህ እያለ ነው። ትልቁን ላሠራ? ወይስ ለገዳዲ ግድብ ወስጄ ልልቀቀው? ለነገሩ የአገራችን ዓሣ አይደል?»

መልስ፦ ትልቁን አያሠሩ። ግድብም አይውሰዱት። ይህ ዓሣ መሄድ ያለበት ሞቅ ያለ አገር ወዳለ የእርባታ ኩሬ ነው፤ ያውም በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እናያለን። ድመቷን ግን ዛሬውኑ ይቅርታ ይጠይቋት።

አምባዛ አዳኝ ነው። ቀን ቀን ጥጉን ይዞ ስለሚውል ሰነፍ ይመስላል። ሥራው ሌሊት ነው። ዓይኑ ትንሽ ናት፤ ብዙም አይመካባትም። በጨለማ የሚመሩት በአፉ ዙሪያ ያሉት ስምንት ጢሞች ናቸው። በእነሱ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ይዳስሳል። ጎልድፊሽ በበኩሉ ሌሊቱን ፈዞ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያድረው። አምባዛ ደግሞ ቦጫጭቆ አይበላም፤ አፉ የቻለውን እንዳለ ይውጣል። ጠዋት ላይ አንዲት ቅርፊት እንኳ ተርፋ ያላገኛችሁት ለዚህ ነው። የገዛ ታናናሾቹንም አይምርም። አርቢዎች ጫጩቶቹን በየጊዜው በመጠን እየለዩ የሚያስቀምጡት፣ ካልለዩዋቸው ትልልቆቹ ትንንሾቹን ስለሚጨርሷቸው ነው።

አየር መጎረሱ በሽታ አይደለም። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚይዝ ሌላ የመተንፈሻ አካል አለው። ደረቅ ወቅት መጥቶ ኩሬው ጭቃ ሲሆን በሕይወት የሚቆየው በዚህ ነው። ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ብትዘጉበት ይጎዳል፤ ውኃው ኦክስጅን ካነሰው ደግሞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በውኃውና በክዳኑ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉለት። አኳሪየሙን እስከ አፉ መሙላት ለጎልድፊሽ ያምራል፤ ለእሱ ግን አደጋ ነው።

ጤነኛው አጎራረስ እንዲህ ነው። ከታች ተነስቶ በፍጥነት ይወጣል፤ አፉን ብቅ አድርጎ አንድ ጊዜ ይጎርሳል፤ ሲመለስ ከጎንና ከጎን ትንንሽ አረፋ ይለቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ጥጉ ይገባል። የሚያሳስበው ሌላው ዓይነት ነው። ዓሣው ከላይ ተንጠልጥሎ ከቀረና ደጋግሞ ከጎረሰ፣ ወይም የስንጥቡ ክዳን ቶሎ ቶሎ ከተርገበገበ፣ ውኃው ተበላሽቷል ማለት ነው። ጢሞቹንም ጠጋ ብለው ይዩአቸው። ረዣዥምና ጫፋቸው ቀጭን ከሆነ ጥሩ ነው። ጫፉ ከነጣ፣ ካጠረ ወይም የተቃጠለ ከመሰለ ውኃው ቆሽሿል፤ አለዚያም ታች ያለው ጠጠር ስለታም ነው። እኔ አንድ አምባዛ ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ ከምንም በፊት የማየው ጢሙን ነው።

ሁለተኛው ኤር ፓምፕ ለዓሣው ብዙም ባይፈይድም አይንቀሉት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውኃም በዚያው ልክ ትንሽ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ እኛ ጋ ከ6 ብዙም አያልፍም። አምባዛው ጉድለቱን ከላይ ጎርሶ ይሞላዋል። ፊልተሩ ውስጥ ሆነው ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ግን የሚጎርሱት የላቸውም። ፓምፑ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። ስለ ቴርሞሜትር አንድም ቃል አልጻፉም፤ ስለሌለ ይመስለኛል። አምባዛ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ እየቀዘቀዘ ከሄደ ጭራሽ ይተወዋል። ዝዋይ ሐይቅ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለገጣፎ 2,400 ሜትር ገደማ። ሄተር የሌለው አኳሪየም በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከሳሎኑ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለእኛ ነው። ለእሱ ተቃራኒው ነው፤ ሲበርደው ሆዱ ይዘጋል። ስለዚህ ምግብ አያስገድዱት። የማይበላውን ጉበት ውኃ ውስጥ ጥሎ ማደር ዓሣውን በራሱ ምግብ መመረዝ ነው።

ጉበቱንና ትርፍራፊውን ከነጭራሹ ይተዉት። የከብት ጮማ ለዓሣ አይስማማም፤ ጉበቱ ላይ ይከማቻል። ውኃውንም በአንድ ሌሊት ያበላሻል። ውኃው ሲሞቅና ፍላጎቱ ሲመለስ የቆሮሶ ሥጋ ቁራጭ፣ የመሬት ትል ወይም አርቢዎች የሚጠቀሙበትን የዓሣ መኖ ይስጡት። ለዚህ መጠን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ጎልድፊሽ እየገዙ መወርወርም ትክክል አይደለም። ከሱቅ የመጣ ርካሽ ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። ከዚህም ሌላ ጎልድፊሽ ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለ፤ ዘወትር እሱን ብቻ የሚበላ አዳኝ ውሎ አድሮ ይጎዳል።

«ዓሣ እንደ ቤቱ ያድጋል» የሚለው አባባል ብዙ ዓሣ ገድሏል። ጠባብ ቦታ ላይ ዕድገት የሚዘገየው ዓሣው መጠኑን አውቆ ስለሚያቆም አይደለም። የራሱ ቆሻሻ ስለሚያፍነው፣ መዞሪያ ስለሚያጣና ስለሚጨነቅ ነው። በርዶት መብላት ያቆመ ዓሣም ለጊዜው ማደግ ያቆማል፤ ሰው ግን «አየህ፣ በቃው» ይላል። አምባዛ በተፈጥሮ ሜትር የሚጠጋ፣ ሲመቸውም ሜትር ተኩል የሚያልፍ ዓሣ ነው። እስከ 60 ኪሎ የደረሰም ተመዝግቧል። ዕድሜውም አጭር አይደለም። የእርስዎ አኳሪየም ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዓሣው 40 ሊሞላ ነው። ከዚህ በኋላ ሰውነቱን ሳያጥፍ መዞር አይችልም።

ለዓይን የማይታየው ችግር ደግሞ አሞኒያ ነው። ሥጋ በል ዓሣ ብዙ ፕሮቲን ስለሚበላ ብዙ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ስንጥቡንና ቆዳውን ያቃጥላል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ቆዳው የተጋለጠ ነው፤ አየር መጎረሱም ከዚህ አያድነውም። ፊልተር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ጉዳቱ ቀለል ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን የሚያወጣው ግን ውኃ መቀየር ብቻ ነው። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር በሳሙና የሚያጥቡ ከሆነ ባክቴሪያዎቹን ጠራርገው እያስወጧቸው ነው። ስፖንጁ የሚጨመቀው ከአኳሪየሙ በተቀዳው አሮጌ ውኃ ነው። ከቧንቧ በቀጥታ የመጣ ውኃ ክሎሪን ስላለው ሰፋ ባለ በርሜል ውስጥ በኤር ፓምፕ እየተንቀሳቀሰ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውኃ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ግን ጠዋት ላይ በረዶ ነው። እንዳለ አይገልብጡት።

ወደ ትልቁ አኳሪየም ልምጣ። 2 ሜትር በ80 በ60 ማለት 960 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። መስታወቱና ብረቱ ሲጨመር 1,200 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 1.6 ካሬ ሜትር ላይ ነው፤ በካሬ ሜትር 750 ኪሎ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በአብዛኛው የሚታሰበው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። የእርስዎ ሳሎን ፎቅ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንባቢዎችም ይህን ሒሳብ ይያዙት። መሐንዲስ ምሰሶና ቢሙን አይቶ ካልፈቀደ በስተቀር እንዲህ ያለ ነገር ፎቅ ላይ አይወጣም። መስታወት ቤቱ ይህን አይነግርዎትም፤ የእሱ ሥራ መስታወት ነው።

«ምድር ቤት አለኝ» ይሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ውኃውን እናስላ። በሳምንት ሲሶውን እንኳ ቢቀይሩ 300 ሊትር ገደማ ነው፤ አሥራ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማን ይቀዳል? ጀሪካኑ ወዴት ይደፋል? ከዚያ መብራቱ አለ። 1,000 ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 300 ሊትሩን አዲስ ውኃ ከ16 ወደ 26 ማድረስ ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ በየሌሊቱ የሚጠፋውን ሙቀት ሳይጨምር ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዓሣው ራሱ ከብዙ ዓሣ የተሻለ ይቋቋማል። የዝግ ፊልተሩ ባክቴሪያ ግን ኦክስጅን አጥቶ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ብዙ ሰዓት ቆይቶ መብራት ሲመጣ ፊልተሩን ሳያጥቡ ካስነሱት የበሰበሰው ሁሉ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም 80 ሳንቲ ሜትር ወርድ ሜትር ለሚደርስ ዓሣ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ይመለሳል።

ናይል ፐርቹን ይርሱት። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ሞቃት ውኃ የለመደ ዓሣ ነው። እስከ 2 ሜትርና 200 ኪሎ ይደርሳል። እንደ አምባዛ አየር አይጎርስም፤ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሲያዝና ሲጓጓዝ ቶሎ ይሞታል። ዝቅተኛ ኦክስጅንና ብርድ ወዳለበት ከፍታ በፌስታል ማምጣት ገና በመንገድ ላይ መግደል ነው። ወዳጅዎ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ያምጣልዎት።

ስለ ለገዳዲ። አምባዛ በአዋሽ ተፋሰስ ያለ የአገራችን ዓሣ መሆኑ እውነት ነው። የሚያሰጋው ዝርያው ሳይሆን ይዞት የሚሄደው ነው። ይህ ዓሣ ከጎልድፊሾች ጋር በአንድ ውኃ ኖሯል፤ በልቷቸዋልም። ጎልድፊሽ መነሻው ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ጥገኛ ትልና የቆዳ በሽታ ይዞ የሚዞር ዓሣ ነው። አምባዛው ራሱ ሳይታመም ሊያስተላልፍ ይችላል። አንዴ ግድብ ውስጥ የገባን ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ መልሶ የሚያወጣ የለም። ለገዳዲ ከተማው የሚጠጣው ውኃ መሆኑንም አይርሱ። አቃቂ ወንዝም መልስ አይደለም፤ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ የተጎዳ ወንዝ ነው። በሳሎን ያደገ ዓሣ እዚያ መጣል ነፃ ማውጣት አይባልም።

«ለምን አይበላም?» የሚልም አይጠፋም። በብዙ ኦርቶዶክስ ቤት ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለማይበላ አምባዛ ከማዕድ አይቀርብም፤ በሌላው ቤት ግን የተወደደ ዓሣ ነው። ለማንም ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያስታውሱ። ከአኳሪየም ሱቅ የተገዛ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የመድኃኒት ጠብታ ጨምራችሁ ከሆነ ዓሣው ለምግብ መዋል የለበትም። ማላካይት ግሪን የሚባለው ቀለም ከዓሣ ሥጋ በቀላሉ አይወጣም፤ ለሰውም ጎጂ ነው። ይህን ለሚረከብዎት አርቢም በግልጽ ይንገሩት፤ ሰውየው ሊሸጠው ይችላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ አምባዛ የሚያረባ ወይም ሊቀበል የሚችል ባለ ኩሬ እዚያ ይፈልጉ። ሰው ካጡ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቀው አርቢዎችን እንዲጠቁሙዎት ያድርጉ። የሚቀበለው ኩሬ ትንንሽ ዓሦች ያሉበት አይሁን፤ ለምን እንደሆነ ጎልድፊሾቹ ነግረውዎታል። አርቢው ዓሣውን ከራሱ ዓሦች ከመቀላቀሉ በፊት ሦስትና አራት ሳምንት ለብቻው ቢያቆየው ደግሞ ለሁሉም ይበጃል።

እስከዚያው ድረስ ሄተር ይግዙ። ለ200 ሊትር ባለ 200 ወይም ባለ 300 ዋት ይበቃል። ሙቀቱን በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ በላይ አያሳድጉ፤ 25 ላይ ሲደርስ ያቁሙት። አምባዛ በጅራቱ አንዴ ቢማታ የመስታወት ሄተር ይሰብራል። ስለዚህ በቀዳዳ ፕላስቲክ ቱቦ ይከልሉት። ኧርዝ ያለው ሶኬት ይጠቀሙ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ እየተንጠባጠበ የሚሄድ ውኃ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። እጅዎን ውኃ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ሁልጊዜ ከሶኬቱ ይንቀሉ። ልጆችም ይህን ይወቁ። ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር ይቀመጥበት፤ አምባዛ ሌሊት ወጥቶ ወለል ላይ የሚሄድ ዓሣ ነው። ጠዋት ሶፋ ሥር ቢያገኙት ሞተ ብለው አይጣሉት፤ ቆዳው እርጥብ ከሆነ ሰዓታት ይቆያል። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ይመልሱት። በባዶ እጅ ግን አይያዙት። በሁለቱም ጎን የፊት ክንፉ ላይ መጋዝ የመሰለ እሾህ አለው፤ መዳፍ ይሰነጥቃል። ከወጋዎት በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፤ ካበጠ ወይም የቴታነስ ክትባትዎ ከቆየ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ሲሄድ ባዶ የሚቀረው አኳሪየም ችግር አይደለም። የእኛ ብርድ ለጎልድፊሽ የተመቸ ነው፤ ያለ ሄተር ይኖራል። 200 ሊትር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ያስገቡ እንጂ አሥር አያድርጓቸው። ኃይለኛ ዓሣ ካልሆነ አይጥመኝም የሚሉ ከሆነ ኮንቪክት ሲክሊድ የሚባለው አለ። ከ15 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ጥንድ ሆኖ ጉድጓዱን ሲጠብቅና ጫጩቶቹን ሲያጅብ ማየት ከተኛ አምባዛ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ሄተር ግን ይፈልጋል፤ ከጎልድፊሽ ጋርም አይቀላቀልም። ኦስካር የሚባለውን ዓሣ እንዲሸጡልዎት አይፍቀዱ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ያው ችግር ነው።

ለጉዞው፣ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ምንም አይመግቡት፤ በመንገድ ላይ ውኃውን እንዳያበላሽ። ሰፊ አፍ ያለው በርሜል ያዘጋጁና ከአኳሪየሙ ራሱ የተቀዳ ውኃ እስከ ሲሶው ብቻ ይጨምሩ። ጀርባው እስኪሸፈን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለአየር ይተው። ክዳኑ ቀዳዳ ይኑረውና በገመድ ይታሰር። ሌሊት ወይም ማለዳ አይጓዙ፤ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይነሱ። ሲደርሱ የኩሬውን ውኃ ሰዓት ያህል በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ያላምዱትና ዓሣውን በመረብ አውጥተው ወደ ኩሬው ያስገቡ። የበርሜሉን ውኃ ኩሬው ውስጥ አይድፉ፤ ከኩሬውና ከቦዩ ራቅ ብለው ደረቅ መሬት ላይ ያፍስሱት።